ጥቁሩ ፈንገስ እግር ላይ ሲወጣ፦ ቢላ፣ ብርድ፣ ሙቀት ወይስ የወራት ክኒን? ለማን የቱ ይሻላል

አጎቴ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ የወጣችውን ነገር ሰባት አመት ሙሉ «ኪንታሮት ናት» እያለ ነው የኖረው። ጎጃም አዊ ውስጥ ነው ያለው፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይቆርጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ እግሩ ላይ እሾህና ስንጥር መግባት ለሱ ወሬም አይደለም። መጀመሪያ የሽንብራ ፍሬ ታክል ነበር፣ አታመውም፣ ስታሳክከው ብቻ በጫማው ጠርዝ ያሻታል፣ ከዛ ቀስ እያለች ጎን ለጎን ወለደች፣ ሻከረች፣ የአበባ ጎመን መሰለች። ባህር ዳር ወስደነው ስሙ ሲነገረን ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ፣ አንዱ ዘመድ ይቆረጥ ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ ካልሄደ አይሆንም ይላል፣ እናቴ ጸበል፣ ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ቅባት፣ ሐኪሙ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር የሚዋጥ ክኒን። አጎቴ ራሱ «እናንተ ተስማሙና ጥሩኝ፣ እኔ ድንቼን ልኮትኩት» ብሎ ወጣ።

ያኔ እነዚህን ምርጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ነገር በአማርኛ ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ ከዛ ወዲህ ያነበብኩትንም፣ ሐኪሞቹን እየጠየቅኩ የገባኝንም እዚህ ላስቀምጠው። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው፣ ግን ሐኪም ፊት ቁጭ ስትሉ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ስሙ እንዳያስደነግጣችሁ

«ጥቁር ፈንገስ» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ በ2021 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር የተወራው ነው የሚመጣው፣ አይንና አፍንጫ የሚበላው። እሱ ሌላ ነው፣ ሙኮርማይኮሲስ ይባላል፣ ፈንገሱ ራሱ ጥቁር አይደለም፣ የሚጠቁረው የሞተው ስጋ ነው፣ በቀናት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። የኛው ግን ፈንገሱ ራሱ ጠይም ነው፣ የኛን ቆዳ የሚያጠይመው ሜላኒን የሚባለው ቀለም እሱም አለው፣ እንደ ጋሻ ይጠቀምበታል፣ ፀሐይም ሆነ ሰውነታችን ሊገድለው የሚረጭበት ኬሚካል በቀላሉ አይበግረውም። አይቸኩልም፣ በአመታት ነው የሚሄደው።

የሚኖረው አፈር ላይ፣ የበሰበሰ እንጨት ላይ፣ እሾህ ላይ ነው፣ ወደ ሰው የሚገባው ሲወጋን ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይሄን ደግሜ እላለሁ ምክንያቱም የአጎቴ ሚስት ሳታውቅ መኝታ ለይታ ነበር፣ ሰውየው ደግሞ ከቁስሉ በላይ ያመመው እሱ ነው።

በዚህ ስም ስር ያሉት በሽታዎች አንድ አይደሉም። ዋናው ክሮሞብላስቶማይኮሲስ ነው (ከዚህ በኋላ ክሮሞ እለዋለሁ፣ ጣቴ ደከመ)፣ ያጎቴም እሱ ነው፣ ብራዚል ውስጥ በ1911 እ.ኤ.አ. ፔድሮሶ የሚባል ሐኪም ነው መጀመሪያ ያየው፣ አንደኛው ፈንገስ ፎንሴካያ ፔድሮሶይ የሚባለውም በሱ ስም ነው። ሁለተኛው ማይሴቶማ ነው፣ እሱ እግሩን ያሳብጥና ቀዳዳ ቀዳዳ አውጥቶ ጥቁር ፍሬ ፍሬ ያወጣል፣ ሱዳን ውስጥ በብዛት አለ፣ የጎጃም ልጅ ደግሞ ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው እግሩ ካበጠ ይሄ ይታሰብ። ሦስተኛው ፊዮሃይፎማይኮሲስ የሚሉት ነው፣ ብዙ ጊዜ ስንጥር የገባበት ቦታ ላይ ከቆዳ ስር አንዲት እጢ ትሆናለች። አራተኛ ቲንያ ናይግራ የምትባል መዳፍ ላይ የምትወጣ ጠፍጣፋ ጥቁር ነጥብ አለች፣ እሷ የሞቃታማ ባህር ዳርቻ ነገር ናት (የኛን ባህር ዳር ማለቴ አይደለም)፣ በቅባት ትጠፋለች፣ እዚህ ላይ እተዋታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ማይሴቶማን በ2016፣ ክሮሞን ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ትኩረት ካጡት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። «ትኩረት ያጡ» የሚለው ቃል እንዴት እንደተመረጠ የገባኝ መድኃኒቱን ፍለጋ ስዞር ነው።

መጀመሪያ፦ እውነት እሱ ነው ወይ?

ጎጃም ውስጥ እግር ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፣ እንደውም ብዙው አይደለም። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ አለ፣ ቁንጭር አለ፣ ሥጋ ደዌ አለ፣ የቆዳ ቲቢ አለ፣ እውነተኛ ኪንታሮት አለ፣ ካንሰርም አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ቁንጭር የሚመጣው በትንኝ ከሚተላለፍ ጥገኛ ተዋሲያን ነው፣ ሽኮኮ ካለበት ገደል አካባቢ ይበዛል፣ የሚታከመውም በሌላ መድኃኒት ነው፣ ለቁንጭር የፈንገስ ክኒን ስድስት ወር ብትውጡ ገንዘባችሁ ነው የሚያልቀው።

ክሮሞ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ወይም በአንድ እጅ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ላዩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ምርመራው ደግሞ የሚገርም ርካሽ ነው። የላብራቶሪው ልጅ ከነዛ ጥቁር ነጥቦች ላይ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ብርጭቆ ላይ አስቀምጦ ፖታሽ ጠብ አደረገበት፣ ጥቂት ጠበቀና ማይክሮስኮፑን ወደኔ አዙሮ «ና እየው» አለኝ፣ የድሮ ሳንቲም የሚመስሉ ቡናማ ክቦች፣ መሃላቸው ደግሞ በመስቀል ተቆርጦ እንደቀረበ ድፎ ዳቦ። እሱ ከታየ ክሮሞ ነው፣ አለቀ። ካልታየ ቆዳው ተቆንጥሮ ባዮፕሲ ይላካል፣ ፈንገሱን ማብቀል ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የመድኃኒት ምርጫ አይደለም። ተፍቆ ባልተመረመረ ቁስል ላይ መድኃኒት አትግዙ። አጎቴ በሰባት አመት ውስጥ ለቅባትና ለመርፌ ያወጣውን ስንደምረው በሬ ባይገዛ ወይፈን ይገዛል፣ የፖታሹ ምርመራ ግን ከነሱ ከአንዱ ቅባት አይበልጥም ነበር።

በምን በምን እንመዝን

እኔ ቤተሰብ ሰብስቤ ያስቀመጥኳቸው መስፈርቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ የቁስሉ ስፋት። ሳንቲም የምታክል አንዲት ነገርና ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት የወጣ ነገር አንድ አይነት ሕክምና የላቸውም።

ሁለተኛ መጨረስ ይቻላል ወይ። ይሄ ከሁሉም በላይ ነው ለኔ። ሁለት ወር ተውጦ የተቋረጠ ክኒን ከነጭራሹ ካልተጀመረ አይሻልም፣ ፈንገሱ ተመልሶ ይመጣል፣ ገንዘቡ ሄዷል፣ ሰውየውም «ሞክሬው ነበር አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ አይሄድም።

ሦስተኛ የሰውየው ጤና፦ ጉበት፣ ልብ፣ እርግዝና፣ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት።

አራተኛ ጠቅላላ ወጪ። የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አስታማሚ፣ ያልታረሰ መሬት ሁሉ ይቆጠራል። ብሩን እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለወር አይቆይም፣ በምትኩ የፍሬ ብዛት እሰጣችኋለሁ፣ በአንዱ ዋጋ እናንተ አባዙት።

አምስተኛ ደግሞ ሕክምናው ራሱ በሽታውን የሚበትን ነው ወይ የሚለው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው

መተኮስ፣ የባትሪ ውሃ መቀባት፣ በምላጭ መገሽለጥ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ። አጎቴ ሁሉንም አድርጓል፣ የባትሪ ውሃው ጠባሳ አሁንም አለ። ችግሩ የሚያቃጥለው ላዩን ነው፣ ፈንገሱ ግን ስር ነው ያለው፣ ከዛም በላይ ሲገሸለጥ ደምና ፍቅፋቂው ወደ ጎን ይዛመትና አዲስ ቦታ ይተክለዋል። በአምስተኛው መስፈርት ይሄ ምርጫ ዜሮ ነው።

ጸበልን ከዚህ ጋር አልደምረውም። እናቴም አጎቴም ይጠመቃሉ፣ የነፍስ አባታቸውም «ክኒኑን አቋርጥ» አላሉትም፣ እንደውም ውሃ ይዘህ በሰዓቱ ዋጥ ነው ያሉት። ጸበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ፣ ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ አድርቁት ብቻ።

ቅባት

ለክሮሞ ክሎትሪማዞልም ሆነ ሌላ የፈንገስ ቅባት ብቻውን ስሩ አይደርስም። የባሰው ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው፣ ቤታሜታዞን ምናምን ያለበት፣ መጀመሪያ መቅላቱና ማሳከኩ ቀነስ ሲል «ሠራ!» ትላላችሁ፣ እሱ ግን የሠራው የቆዳውን ዘበኛ ማስተኛት ነው፣ ፈንገሱ ተመችቶት ይሰፋል። አጎቴ ላይ በግልጽ የሰፋችው ቅባቱን በጀመረ አመት ነው፣ የሰጠው ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ማሳከክ ሲባል ለሁሉም ያንኑ ነው የሚሰጡት።

ቢላ

ቁስሉ ትንሽ ከሆነ፣ ገና ከሆነ፣ ድንበሩ ከታወቀ፣ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ከሁሉም ፈጣን ነው። በአንድ ቀን ያልቃል፣ ስፌቱ እስኪድን ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፣ ቆርጦ ማውጣት ሌላ፣ ፍቆ ማንሳት ሌላ፣ መፋቁ የባትሪ ውሃው ወንድም ነው። ብዙ ሐኪሞች ከቢላው በፊትና በኋላ ክኒንም ይጨምራሉ፣ የቀረ ካለ እንዲይዘው።

የቁርጭምጭሚት ቆዳ ጠባብ ነው፣ ሰፊ ከተቆረጠ ከሌላ ቦታ ቆዳ መለጠፍ ይመጣል። የአጎቴ ከመዳፌ ስለሰፋ ቀዶ ሐኪሙ አይቶ «ለኔ አይደለም» ብሎ መለሰን፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ አሁን አመሰግነዋለሁ።

ከቆዳ ስር ላለችው እጢ ግን (ፊዮሃይፎ ላልኳት) ሰውየው ጤነኛ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መጣል አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ሕክምና ነው። ለማይሴቶማ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፣ መጀመሪያ ለወራት ክኒን ይሰጥና ፈንገሱ ሲሰበሰብ ነው የሚቆረጠው፣ ገና ከመጀመሪያው ቢላ የገባበት ማይሴቶማ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ከዘገየ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ እስከ እግር መቁረጥ ያደርሳል።

ብርድ

ናይትሮጅን በፈሳሽነቱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፣ በሱ ቁስሉን ማቀዝቀዝ ክራዮቴራፒ ይባላል። የከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት ያ የሚያጨስ ጋን ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ነው። አጎቴ ይሄን ሲሰማ «እና አዳቃዩ እኮ ጎረቤቴ ነው» ብሎ ሊነሳ ነበር፣ አይሆንም፣ ስንት ሰከንድ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ጥልቀት የሚለውን የሚያውቀው የቆዳ ሐኪም ነው፣ ያለበለዚያ ጤነኛው ቆዳ ይሞታል።

ለትንንሽ ቁስል ወይም በክኒን አንሶ ትንሽ ለቀረው ጥሩ ነው፣ በየተወሰነ ሳምንቱ ብዙ ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። በጎኑ ያለበት ችግር ቆዳው ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ያማልም። የናይትሮጅን አገልግሎት ለቁንጭርም ስለሚጠቀሙበት የቆዳ ክሊኒክ ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ደውሎ መጠየቅ ነው፣ ደግሞ «መሣሪያው አለ ወይ» ብቻ ሳይሆን «ናይትሮጅኑ ዛሬ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ።

ሙቀት

ይሄኛው ነው እኔን የገረመኝ። እነዚህ ፈንገሶች ከ40 ዲግሪ በላይ ብዙም አይመቻቸውም፣ ስለዚህ ቁስሉ ላይ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት በየቀኑ ለሰዓታት፣ ለወራት ማድረግ እንደ አጋዥ ሕክምና ይጠቀሙበታል፣ ጃፓን ውስጥ በኪስ ማሞቂያ ጭምር ሠርተውታል። የኛ አባቶች ብረት አግለው ሲተኩሱ ሐሳቡ ከእውነት ሩቅ አልነበረም ለካ፣ ልኩ ነው የጠፋው፣ የጋለ ብረት ላዩን አክስሎ ስሩን ይተወዋል፣ ይሄኛው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቅ።

ወጪው ከሁሉም ያንሳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ከክኒን ጋር ነው። እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ ስኳር ያለበት፣ ሥጋ ደዌ የነካው፣ ፈጽሞ እንዳይሞክረው፣ ሳይሰማው ይቃጠላል። አጎቴ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ማታ ማታ እያደረገ ነበር፣ ለሦስት ሳምንት፣ ከዛ የድንች ቁፋሮ ደረሰና ተወው። ይሄ ነው እንግዲህ የሙቀት ችግሩ።

ክኒን፦ ኢትራኮናዞል

የክሮሞም የጥቁር ማይሴቶማም (ጥቁር ፍሬ የሚያወጣው) ዋና መድኃኒት እሱ ነው። በብዛት የሚታዘዘው በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ነው፣ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ለሰፊ ቁስል ከዛም በላይ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፣ አንዱ ካፕሱል 100 ሚሊ ግራም ከሆነና በቀን 200 ከታዘዘ በቀን 2፣ በወር 60፣ በስድስት ወር 360፣ በአመት 720 ካፕሱል። በቀን 400 ከሆነ እጥፉ ነው። ይሄን ቁጥር በአንዱ ዋጋ አባዝታችሁ ካያችሁት በኋላ ነው መጀመር፣ እኛ የመጀመሪያውን ወር ገዝተን ነው ያሰላነው፣ ስናሰላው አንዲት ላም መሸጥ ነበረበት።

አወሳሰዱ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካፕሱሉ ከሙሉ ምግብ ጋር ነው የሚወሰድ፣ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ካልጠበቀው በደንብ አይገባም። ስለዚህ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ክኒኑን ወደ ባዶ እያሳለፈው ነው፣ ለሐኪሙ ይንገር። ኮካ ጋር መውሰድ መግባቱን እንደሚያግዝ በጥናት ታይቷል፣ ኮካው ለሚያገኝ። ጾም ላይ ደግሞ አጎቴ ጠዋት ባዶ ሆዱን ዋጥ አድርጎ ይወጣ ነበር፣ «ክኒን አያስገድፍም» ብሎ፣ የመጀመሪያውን የሁዳዴ ሳምንት እንዲሁ አለፈ፣ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮው ሲቀርብ ከመሃል እንዲውጠው አደረግን።

የማይሆንለት፦ ልቡ ደካማ የሆነ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጉበቱ የታመመ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲኑ ኢትራኮናዞሉን ያሟሟውና እንዳልወሰደ ያደርገዋል። የኮሌስትሮል ሲምቫስታቲንም አብሮ አይሄድም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንዲሁ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ሳይደብቅ ያሳይ። በአጭሩ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አፍስሱት። ጉበት ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው በደም ይታያል፣ አይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ሻይ ከመሰለ፣ ምግብ ካስጠላ ክኒኑ ቆሞ ወደ ሐኪም። ጠላና አረቄ ላይ ብዙ አልሰብክም፣ ጉበቱ ሁለት ሸክም አይችልም።

ክኒን፦ ቴርቢናፊን

ሁለተኛው ነው፣ ለክሮሞ በቀን ከ250 እስከ 500 ሚሊ ግራም፣ ያው ለወራት። ባለ 250ው ከሆነ በቀን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፣ በወር 30 ወይም 60። ጥሩ ጎኑ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ብዙ አይጣላም፣ ምግብና የጨጓራ አሲድ ላይም እንደ ኢትራኮናዞል አይመካም፣ ስለዚህ ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሽማግሌ ወይም ልቡን ለሚያመው ሰው ሐኪሙ ወደሱ ሊያዘነብል ይችላል። መጥፎ ጎኑ ጉበት ነው፣ የቆየ የጉበት በሽታ ላለበት አይሆንም፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ የምላሱ ጣዕም ይጠፋበታል፣ በርበሬውም ጨውም አንድ ይሆንበታል። ለማይሴቶማ ግን ተመራጩ ኢትራኮናዞል ነው።

አንዱ ብቻውን እምቢ ሲል ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፣ ወይ ክኒንና ናይትሮጅን። ለሰፊና ለቆየ ቁስል ማጣመሩ የተለመደ ነው፣ ወጪውም እንደዛው ይደመራል።

ሌሎች ፋርማሲ ላይ የሚሰጧችሁ፦ ግሪሶፉልቪን ለጭርት ነው፣ ለዚህ አይሠራም። ፍሉኮናዞል ርካሽ ስለሆነና ሁሉም ቦታ ስላለ ይሰጧችኋል፣ እነዚህ ፈንገሶች ላይ ደካማ ነው። የኪቶኮናዞል ክኒን ደግሞ ጉበት ስለሚጎዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓና አሜሪካ ገደብ ጥለውበታል። ለማይሴቶማ ካርቱም ላይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሞከረ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ፎስራቩኮናዞል የሚባል አለ፣ ከኢትራኮናዞል ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል፣ ተስፋ ነው፣ ግን ገበያ ወጥታችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | የሚሆንለት ቁስል | የሚፈጀው ጊዜ | ብሩ የሚሄድበት | የማይሆንለት |
|---|---|---|---|---|
| ቤት ውስጥ መተኮስ፣ የባትሪ ውሃ | ለምንም | አመታት ያባክናል | ጠባሳውን ማከም ላይ | ለሁሉም |
| ቅባት ብቻ | ቲንያ ናይግራ | ሳምንታት | ትንሽ ትንሽ፣ ግን አያልቅም | ክሮሞ፣ ማይሴቶማ |
| ቢላ | ትንሽና አዲስ፣ ከቆዳ ስር ያለች እጢ | አንድ ቀን እና የስፌቱ ሳምንታት | አንዴ፣ ቀዶ ሕክምናው ላይ | ሰፊ ክሮሞ፣ ክኒን ያልቀደመው ማይሴቶማ |
| ናይትሮጅን | ትንሽ፣ ወይም ከክኒን የተረፈ | ወራት፣ በምልልስ | ትራንስፖርትና አልጋ | ሰፊ ቁስል ብቻውን |
| ሙቀት | እንደ አጋዥ ብቻ | በየቀኑ፣ ለወራት | ከሞላ ጎደል ነጻ | እግሩ የደነዘዘ፣ ስኳር ያለበት |
| ኢትራኮናዞል | መካከለኛና ሰፊ ክሮሞ፣ ጥቁር ማይሴቶማ | 6 እስከ 12 ወር፣ ከዛም በላይ | ካፕሱሉና የጉበት ምርመራው | ደካማ ልብ፣ እርግዝና፣ የታመመ ጉበት፣ የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ |
| ቴርቢናፊን | ክሮሞ | ያው ወራት | ፍሬውና የጉበት ምርመራው | የቆየ የጉበት በሽታ |

እንግዲህ ለማን የቱ

ቁስሉ ከሳንቲም ያልበለጠ፣ አመት ያልሞላው፣ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፣ ምርመራው እንደተረጋገጠ ቢላ ጠይቁ። ብር ካጠራችሁም ይሄ ነው የሚያዋጣው፣ አንድ ጥጃ ሸጦ ዛሬ ማስቆረጥ ነገ ላም ሸጦ 720 ካፕሱል ከመግዛት ይሻላል።

ቁስሉ ሰፊ ሆኖ አቅም ያለው ሰው፣ ኢትራኮናዞል በሙሉ መጠን፣ አንሶ ሲቀር ናይትሮጅን፣ ጉበቱን እየታየ።

ቁስሉ ሰፊ ሆኖ አቅም የሌለው፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ሦስት ነገር። አንደኛ የጤና መድን ካርዳችሁን ያሳደሳችሁ መሆኑን አይታችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ውጡ፣ በራሳችሁ ዘላችሁ ባህር ዳር ከገባችሁ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ሆስፒታሉ መድኃኒቱ የለኝም፣ ከውጭ ግዙ ሲላችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ይመለስ እንደሁ ወረዳችሁ ያለውን የመድን ሠራተኛ ጠይቁ። ሁለተኛ ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የሦስት ወሩን ብር በእጃችሁ አድርጉ፣ ከሌለ እድሩንም እቁቡንም አናግሩ፣ አጎቴ የእቁብ ዕጣውን ተለምኖ ቀድሞ ወሰደ። ሦስተኛ ሙቀቱን ጨምሩበት፣ ነጻ ነው፣ እግሩ እንዳልደነዘዘ ካረጋገጣችሁ።

የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ ቲቢውን ይጨርስ ወይስ ቴርቢናፊን ይጀምር የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፣ ክሮሞ የሚቸኩል በሽታ አይደለም፣ ወራት ሊታገስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ፣ እስክትወልድ መጠበቅ ወይም ትንሽ ከሆነ ናይትሮጅን። ኢትራኮናዞል የምትጀምር ሴት ደግሞ እንዳታረግዝ መከላከያ ትያዝ።

ከመተማ ወይም ከሁመራ ተመልሶ እግሩ ያበጠ፣ ቀዳዳ ያወጣ ሰው፣ የሚወጣውን ፍሬ በንጹህ ነገር ይያዝና ቀለሙን ያሳይ። ጥቁር ከሆነ ፈንገስ ነው፣ ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያው የሚታከመው በኮትሪሞክሳዞልና በመሳሰለው ፀረ ባክቴሪያ ነው፣ የፈንገስ ክኒን አይነካውም። ራጅ ይነሳ፣ አጥንት እንዳልነካ።

አመታት የቆየ ቁስል በድንገት ካደገ፣ ከደማ፣ ከሸተተ ደግሞ ወደ ካንሰር ሊቀየር ስለሚችል ባዮፕሲ ሳይሠራ ምንም ምርጫ አይመረጥ።

የት ነው የሚኬደው ለሚለው፣ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ምሥራቁ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ሪፈር የሚላክባቸው ናቸው። የቆዳ ስፔሻሊስት በየትኛው ቀን እንዳለ ቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በሥጋ ደዌና በቆዳ የቆየ ስም አለው፣ ግን ከደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በየወሩ የሚኬድበት አይደለም፣ አንዴ ለምርመራና ለእቅድ ሄዳችሁ ክትትሉን ቅርባችሁ አድርጉት።

መድኃኒቱን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ በመናኸሪያ በሹፌር ከላከላችሁ፣ እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ከመክፈሉ በፊት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ካርቶኑ ሞተር አጠገብ ወይም መስታወት ስር እንዳይቀመጥ ሹፌሩን ተለማመጡት። እኛ አንዴ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረው ካርቶን ደርሶናል፣ የአምስት ወር ገዝተን።

አጎቴ አሁን ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። እያንዳንዱን ወር ስልኬ ላይ ፎቶ አነሳለታለሁ፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ፣ ስፋቱን ለማወቅ። አራተኛው ወር ድረስ ምንም ለውጥ የለውም ብለን ልንተው ነበር፣ የመጀመሪያውንና የአራተኛውን ፎቶ ጎን ለጎን ስናደርገው ነው ጠርዙ መጠፍጠፉን ያየነው። አሁን ጠፍጣፋ ጠባሳ ነው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሻካራ ነጥቦች ቀርተዋል፣ ለነሱ ናይትሮጅን ቀጠሮ አለው፣ ከጥምቀት በኋላ። ቦቲ ገዛንለት፣ ዲከረንስ ሲቆርጥ ያደርገዋል፣ ድንች ሲኮተኩት ግን አውልቆ ጎኑ ያስቀምጠዋል፣ «ጭቃ ያበላሸዋል» ብሎ።